የፎቶው ጀርባ

የእናቴ አርባ በወጣ በሳምንቱ ሁለት ነገር ይዤ አጎቴ ቤት ሄድኩ፦ የእናቴን ስልክና የብስኩት ቆርቆሮዋን። ስልኩ ውስጥ 4,318 ፎቶ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ 57። አጎቴ በወጣትነታቸው ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ገብተው ከሃያ ዓመት በላይ ሳይወጡ የቀሩ ሰው ናቸው። እናቴ ታናሻቸው ስለሆነች «ጋሼ» ትላቸው ነበር፤ እኛ ልጆቿም እሷን ተከትለን ጋሼ እንላቸዋለን። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ቀን ወሬያችን ነው። ቡናው መሃል የገባውን የዘመድ ሐሜት አውጥቼዋለሁ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ለቅሶው ላይ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ፎቶ አይተውታል?

ጋሼ፦ አየሁት እንጂ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሦስት በአራት ጉርድ ነበር፤ እናንተ መስኮት አሳከላችሁት። ግራ ትከሻዋ ላይ ያለችው ግማሽ ክብ ምን እንደሆነች የጠየቀኝ ግን የለም።

እኔ፦ እኔ የነጠላዋ ጥለት መስሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ የቀበሌው ማኅተም ነው። ምስኪን እህቴ፣ ከነማኅተሟ ተለቀሰላት።

እኔ፦ ምን እናድርግ፣ ሌላ አጣን። ሌሊቱን ሙሉ ስንፈልግ ነው ያደርነው። ወንድሜ ከዋሽንግተን በቪዲዮ እየደወለ «ያቺን የፋሲካዋን፣ ያቺን የልደቷን» ይላል። የፋሲካው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ዶሮ ታወጣለች። የልደቱ ላይ ግማሽ ፊቷን ኬኩ ጋርዶታል። የእህቴ ሠርግ ላይ ዐይኗን ጨፍናለች። የማይሆን ፎቶ ብቻ! ሁሉም ቦታ አለች፣ የትም ቦታ አልተነሳችም።

ጋሼ፦ እሱ ነው ነገሩ። ቃሉን ልብ ብለሽው ታውቂያለሽ? ፎቶ «መነሳት» ነው የምንለው። ሰውዬው በእርግጥ ይነሳ ነበር። ከተቀመጠበት ይነሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ጸጉሩን ቅቤም ቢሆን ይቀባል፣ ታክሲ ይዞ ይመጣል። አሁን ሰው ፎቶ አይነሳም፤ ይነሳበታል።

እኔ፦ «የድሮው ይሻላል» ሊሉኝ ከሆነ ቡናዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ።

ጋሼ፦ ማን አለሽ? የድሮውን ስለማውቀው ነው የማልመኘው። የኔና የእናትሽ እናት አንድም ፎቶ የላትም። ሥራውን ሳልማር ሞተች። መልኳን አሁን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ እናትሽ ነበረች፣ እሷም ሄደች። ለአያትሽ እንደዚህ ያለች ስልክ የያዘ አንድ ውሪ በደጇ ቢያልፍላት ምን ነበረበት? ብዥ ያለም ቢሆን።

እኔ፦ ታዲያ ያኔ ፎቶ ቤት የሚመጣው ማን ነበር?

ጋሼ፦ ባለጉዳይ። ማመልከቻ ያለበት፣ ሠርግ ያለበት፣ ክርስትና ያለበት። ባለቤቱን «ሙሴ» እንለው ነበር፤ አርመን ነው። ያን ጊዜ ፎቶና አርመን አይለያዩም። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳ የነበረው በድሮስ ቦያጂያን አርመን ነው፤ ሙያውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ወርሰው በጃንሆይም ዘመን ሠርተውበታል። የኔው ሙሴ ያን ያህል ዝና የለውም። ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ታስሮ ያለቀ ክራቫት ሰቅሎ ነበር። ከመርካቶ ወዛደር ይመጣል፤ ኮቱን ይለብሳል፣ ክራቫቱን በራሱ ላይ ያጠልቃል፣ ይነሳል፣ አውልቆ ይሄዳል። ጉርድ ስለሆነ ከደረት በታች ያለው የማንም ጉዳይ አይደለም። በዚያ አንድ ኮት ስንቱ ሹፌር ሆነ፣ ስንቱ ጸሐፊ ሆነ፣ ስንቱ ፓስፖርት አወጣ መሰለሽ። ክረምት ላይ ብብቱ እርጥብ ነበር፤ አይደርቅም።

እኔ፦ እንግዲህ ያ ፊልተር ነው።

ጋሼ፦ ፊልተር ምንድን ነው?

እኔ፦ ስልኩ ሲያነሳ የሚያሳምረው። ይኸው፣ ይህቺ የእህቴ ልጅ ናት። አሁን ይቺን ስነካት... አዩ? ሽፍታው ጠፋ፣ አገጯ ሾጠጠ፣ ዐይኗ ተለቀ።

ጋሼ፦ ይኼንንማ በእርሳስ እሠራው ነበር። ኔጋቲቭ ላይ ሁሉም የተገላበጠ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር። ፎቶው ላይ እንደ ጥቁር መስመር የሚታየው የግንባር ሽብሽብ ኔጋቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቦታ ነው። ኔጋቲቩን ከሥሩ መብራት ባለው መስተዋት ላይ አስተኝቼ፣ ያን ስስ ቦታ ጫፉ መርፌ ባከለ እርሳስ ነካ ነካ እያደረግሁ እሞላዋለሁ። ሲታተም ሽብሽቡ የለም። ሪታች ማለት ይኸው ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ላይ አብዝቼ ኖሮ፣ ልጃቸው ሊወስድ መጥቶ «ይኼ አባቴ ሳይሆን ታናሽ ወንድሜ ነው» ብሎ መለሰብኝ። ልዩነቱ እኔ አንዱን ፊት ሳርም ግማሽ ቀን ይሄድብኛል። አንዱን ፊት ግማሽ ቀን ስታዪው ደግሞ ለመቀየር ያሳዝንሻል። የት ላይ እንደማቆም የማውቀው ስለሚያሳዝነኝ ነበር። ይቺ ስልክ አታዝንም።

እኔ፦ የእማዬ ስልክ ደግሞ ማንም ሳያዛት ቆዳ ታነጣለች። እማዬን ቀይ አድርጋታለች።

ጋሼ፦ እሱ የቆየ በሽታ ነው። ከለር ፊልም ሲገባ አበሳዬን ነው ያየሁት። ሙሽራው ጠይም፣ ቬሎው ነጭ። ቬሎው እንዲታይ ብትዪ የሙሽራው ፊት ይጠፋል፤ ፊቱ እንዲታይ ብትዪ ቬሎው ይነድዳል። ጥፋቱ የኔ እየመሰለኝ ስንት ስድብ ጠጣሁ።

እኔ፦ የእርስዎ አልነበረም። አንብቤያለሁ፤ ኮዳክ የፊልሙን ቀለም የሚያመሳክረው በነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ካርዱ «ሸርሊ» ይባላል። ቡናማ ቀለም በደንብ መውጣት የጀመረው ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሸጡ ኩባንያዎች «ዕቃችን በማስታወቂያ ላይ መልኩ አይለይም» ብለው ካማረሩ በኋላ ነው ይባላል።

ጋሼ፦ ለቸኮሌት ብለው?

እኔ፦ ለቸኮሌትና ለቁም ሣጥን።

ጋሼ፦ እኔ በሙሽራ ዘመድ የተሰደብኩትን ቁም ሣጥን አስታረቀልኝ በይኛ! ቀጥዪ፣ ቀጥዪ።

እኔ፦ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ጉግል «ሪል ቶን» የሚል ስም ሰጥቶ የጥቁር ሰውን ቆዳ እንዳለ የሚያነሳ ካሜራ አወጣሁ አለ። አንድ ቁም ነገር ልጨምርልዎ፤ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው ማን ይመስልዎታል? ኮዳክ ራሱ። በ1975 እንደ ፈረንጆቹ፣ ስቲቭ ሳሰን የሚባል ወጣት መሐንዲሳቸው። አንዱን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኮዳክ ፊልም መሸጡን መረጠ። በኛ ጥር 2004 ላይ ከሰርኩ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ።

ጋሼ፦ 23 ሴኮንድማ ጥሩ ሰዓት ነው። ወረቀቱን ዴቨሎፐር ውስጥ ከትቼ ፊት ብቅ እስኪል የምጠብቀው ከዚያ ብዙ አይበልጥም። መጀመሪያ ጸጉር ይመጣል፣ ቀጥሎ ቅንድብ፣ ዐይን። ጉንጭ መጨረሻ ነው። በቀይ አምፑል ሥር ስንት ሺህ ሰው እንዲህ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ሁሉም ከጸጉሩ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ሃይፖ፣ ከዚያ ውኃ፣ ብዙ ውኃ። የከተማው ቧንቧ ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። ሰው «ፎቶዬ ታጠበ ወይ?» ሲል አሽሙር አይደለም፣ በእርግጥ ይታጠባል። ያላጠብሽው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆንና ያጋልጥሻል። ቆርቆሮው ውስጥ ቢጫ የሆነ ካለ የኔ አይደለም።

እኔ፦ አሁን ፎቶ በሴኮንድ ውስጥ ዓለምን ይዞራል። ፊሊፕ ካን የሚባል ሰው በኛ ሰኔ 1989 ላይ ሚስቱ ምጥ ላይ ሳለች ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ካሜራና ስልክ በላፕቶፕ አገናኘ። የተወለደችውን ልጁን አንስቶ ከ2,000 ለሚበልጡ ሰዎች ላከ። በእጅ ስልክ የተላከው የመጀመሪያ ፎቶ የአራስ ልጅ ነው ይባላል።

ጋሼ፦ ሚስቲቱ ስታምጥ እሱ ሽቦ ያገናኛል? ወንድ!

እኔ፦ ይልቅ ያመጣሁዎትን ላሳይዎ። እኛ እሷን ያነሳናትን ትቼ፣ እማዬ ራሷ ያነሳችውን ለየሁት። 900 ገደማ ነው።

ጋሼ፦ እህቴ ፎቶ ታነሳ ነበር?

እኔ፦ «አነሳሁ» አትልም፤ «ያዝኩት» ነው የምትለው። «ደረሰኙን ይዤዋለሁ» ትልዎታለች። ይኸው። የመድኃኒት ካርቶን፣ ከፊትም ከጀርባም። የካርድ ቆጣሪው ቁጥር። የቴሌብር ክፍያ። የልጄ ጫማ ሶል፤ ገበያ ስትሄድ ቁጥሩን እንዳትረሳ። የሰንበቴ ማስታወቂያ፣ በር ላይ የተለጠፈ። የራይድ መኪና ታርጋ፣ ሦስት አራት ጊዜ፤ እኔ ማታ ስወጣ ነው የምታነሳው። የሰው ቤት ድስት።

ጋሼ፦ ድስቱ ምን ሆነ?

እኔ፦ ጎረቤት አዲስ ገዝታ ነበር። «ስንት ነው?» ማለት ስላልፈለገች አነሳችው፣ ሱቅ ወስዳ አሳየች። ውድ ሲሆንባት ተወችው።

ጋሼ፦ ይኼ ጥጉ ላይ ያለ ቀይ ነገርስ?

እኔ፦ አውራ ጣቷ ነው። ከ200 በላይ ፎቶ ላይ አለ።

ጋሼ፦ ታዲያ ለምን ይኼንን አልሰቀላችሁትም? ይኼ እኮ እህቴ ናት! እኔ ያነሳኋት ጉርድ ላይ ያለችው የቀበሌ ሴትዮ ናት፤ እስትንፋሷን ውጣ፣ «ዐይንሽን አታርገብግቢ» ተብላ። ይቺኛዋ ግን ድስት አይታ ያማራት፣ ዋጋ መጠየቅ ያፈረች፣ መልሳ የተወች ናት። አውቃታለሁ። በልጅነታችንም እንዲሁ ናት። እስቲ ወደ ታች ውረጂ።

እኔ፦ እዚህ ላይ ነው ያልገባኝ ነገር ያለው። ይህን ጓጉንቸር 61 ጊዜ አንስታዋለች። የራሷ ቤት የውጭ በር ነው። አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ ቀኑ ብቻ ነው የሚለየው።

ጋሼ፦ ቀኑን በምን አወቅሽ?

እኔ፦ ስልኩ ራሱ ይጽፈዋል። እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አንዳንዴም ቦታው ተቀምጧል። ይሄ 17/03/2024 ይላል፣ 6፡12።

ጋሼ፦ ስድስት ሰዓት ላይ በዚያ ፀሐይ ወዴት ትሄዳለች?

እኔ፦ በፈረንጅ ሰዓት ነው ጋሼ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ቀኑም በኛ መጋቢት 8 ቀን 2016 ነው፣ እሑድ።

ጋሼ፦ ለቅዳሴ ስትወጣ ነዋ። ሌላውንስ?

እኔ፦ ይሄም እሑድ። ይሄ የማርያም ቀን ነው። ይሄ እሑድ። ይሄም።

ጋሼ፦ ...

እኔ፦ ምነው ጋሼ?

ጋሼ፦ ትደውልልኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሆና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ቆልፌ ይሆን?» ትለኛለች። እኔ በምን አውቃለሁ? እኔ ያለሁት ኮልፌ፣ እሷ ያለችው ገርጂ። «ቆልፈሻል፣ ተቀደሺ» እላታለሁ። በየሳምንቱ ነበር። አንዳንዴ እየተናደድኩም ያነሳሁት ጊዜ አለ። ኋላ መደወሉን ተወችው። እኔ ተሻላት ብዬ፣ እግዜር ይመስገን ብዬ...

እኔ፦ ለካ ስልኩን ነበር የምትጠይቀው።

ጋሼ፦ ስልኩ ይበልጥ ያውቃል። እኔ በግምት ነበር «ቆልፈሻል» የምላት።

(ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። ሐሜቱ የገባው እዚህ ጋ ነው።)

ጋሼ፦ ስልኩ ቀኑን ይጽፋል አልሽኝ። ሰዓቱንም። የበሩንም ቦታ። እንደው «ቆልፌ ይሆን?» የሚል የተጻፈበት ቦታ የለም?

እኔ፦ የለም። ያም የተጻፈው ቢሆን ዘላቂ አይደለም። ለወንድሜ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስልክለት ፎቶው ይጨመቅና ቀኑም ቦታውም ይራገፋል። በፋይል መልክ ካልላክሁት በቀር።

ጋሼ፦ ጀርባው ይላጣል በይኛ። እኛ ቤት ጀርባ ነበረ። ሰው ፎቶውን ሲቀበል መጀመሪያ ፊቱን ያያል፣ «እንዲህ ነኝ እንዴ?» ይላል፤ ቀጥሎ ይገለብጥና ብዕር ይጠይቀናል። ብዕሩ እንዳይጠፋ ባንኮኒው ላይ በክር አስረነው ነበር። እስቲ ቆርቆሮውን ክፈቺው።

እኔ፦ ላንብብልዎት። «ለማስታወሻ ያህል፣ ከሐረር»። ይሄኛው «መልኬን ሳይሆን ልቤን እዪ»። ይሄ ደግሞ፣ ይስሙት፦ «ይህን ፎቶ የተነሳሁት ከታይፎይድ ከዳንኩ በሦስተኛው ሳምንት ስለሆነ ክሳቴን አይታችሁ እንዳትደነግጡ፤ አሁን ወፍሬያለሁ»።

ጋሼ፦ እሱን አስታውሰዋለሁ! የአክስታችን ልጅ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ይህንኑ ጽፏል፤ ለአንዷ ልጅ ሊልክ ነበር። አልወፈረም፣ ውሸቱን ነው።

እኔ፦ እኔ ስልኬ ላይ ካሉት ሃያ ሺህ ገደማ ፎቶዎች ስለ አንዱ እንኳ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም። ስለቅቃቸው የ«ልብ» እና የ«ሳቅ» ምልክት እልካለሁ። ባለፈው ጥምቀት ጃን ሜዳ ላይ ታቦቱ ሲያልፍ እጄን ከነስልኬ ዘርግቼ ቀረሁ፤ በኋላ ሳየው የፊቴ ሰውዬ ስልክ ውስጥ ያለውን ታቦት ነው የቀረጽኩት።

ጋሼ፦ ድንቅ ነው። የታቦቱን ፎቶ ፎቶ አነሳሽ።

እኔ፦ ይሄኛውን ግን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ሦስት ልጃገረዶች፣ ካኪ ለብሰው። እማዬ መሃል ናት። ጀርባው «ወደ ዘመቻ ከመሄዳችን በፊት፣ ጥር 12 ቀን 1967» ይላል። ቀጥሎ የሁለት ሰው ስም። የሦስተኛዋ ፊት የለም። በሞላላ ተቆርጦ ወጥቷል።

ጋሼ፦ ቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። ሁሉም ቤት በዓል፣ እኛ ቤት ሰልፍ። የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታኅሣሥ ላይ ተከፍቷል፤ 11ኛና 12ኛ ክፍል ያለ ሁሉ፣ የዩኒቨርሲቲውም ተማሪ፣ መምህሩም ገጠር ሊወርድ ነው፤ 60,000 ሰው ገደማ። እናት ሁሉ ልጇን ከመሸኘቷ በፊት ታስነሳለች። የሮላይፍሌክስ ካሜራችን ፊልም 12 ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ሙሴ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ እንዳላነሳ አዞኛል። ለእህቴ ስል ሁለት አነሳሁ። አንደኛው ላይ ሦስቱም ሳቁ። ሙሴ «የሳቀ አይሸጥም» ብሎ ያንን ጣለው። ይኼ ሁለተኛው ነው።

እኔ፦ ማን ቆረጠው?

ጋሼ፦ እኔ።

እኔ፦ እርስዎ?

ጋሼ፦ በምላጭ። 1970 ነው፣ ኅዳር ይመስለኛል። ልጅቷ ትፈለጋለች። ቤት ለቤት ፍተሻ አለ፤ ከምትፈለግ ሰው ጋር በፎቶ መገኘት ብቻውን «ከየት ታውቂያታለሽ?» ያስብላል። ሰው አልበሙን እያወጣ ከሰል ላይ ይጨምር ነበር። እህቴ ማታ በጓሮ መጣችና «ላቃጥለው?» አለችኝ። «አታቃጥዪው፣ ስጪኝ» አልኳት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ስላዘንኩ አይደለም። ብርሃኑ ጥሩ ስለነበር ነው። የእህቴ ጉንጭ ላይ ያለችውን ጥላ ዐየሽ? ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አላገኘኋትም። ሥራዬን ማቃጠል አልሆነልኝም፤ ልጅቷን መቁረጥ ሆነልኝ።

እኔ፦ ኔጋቲቩስ?

ጋሼ፦ እሱን አቃጠልኩት። ፊልም ሲቃጠል ወዲያው አይነድም፤ መጀመሪያ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። ሽታው ለሁለት ቀን ከእጄ አልወጣም።

እኔ፦ ልጅቷስ?

ጋሼ፦ አልተመለሰችም።

እኔ፦ ዛሬም እኮ ጋሼ፣ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ስልኩን የሚያጸዳ ሰው አለ። ከማን ጋር ነህ፣ የምን ባንዲራ ነው፣ የማን ዘፈን ነው እንዳይባል።

ጋሼ፦ ምላጭ አያስፈልገውም። በጣቱ ነው።

እኔ፦ አንድ ነገር ላሳይዎት፤ እንዳይቆጡኝ። ይህን ፎቶ በስልኬ አንስቼ ኤአይ የሚባለው ውስጥ ከትቼው ነበር። የተቀደደ፣ የተበላሸ ፎቶ ይጠግናል። ቀዳዳውን ሙላልኝ አልኩት። ይኸው።

ጋሼ፦ መነጽሬን አቀብዪኝ... ይህቺ ማናት?

እኔ፦ ማንም አይደለችም። ማሽኑ ቁጥር የሌለው ፊት አይቷል፤ እዚህ ካኪ ላይ፣ በዚህ ብርሃን፣ ምን ዓይነት ፊት ሊኖር እንደሚችል ገምቶ ነው የሠራት።

ጋሼ፦ ቆንጆ ናት። ብርሃኑንም ጠብቆታል፤ ጥላው በትክክለኛው በኩል ነው የወደቀው። ይኼን የሠራ ሙያተኛ ነው። ግን ጥርሷን አሳይታለች። ያኔ ጥርሱን አሳይቶ የሚነሳ የለም፤ የሳቀውን ሙሴ ጥሎታል ብዬሻለሁ። እሷ ደግሞ ጥርሷ ፍንጭት ነበር፣ የዚች ገጣጣ ነው። ቅንድቧ እንዲህ አይደለም። ጸጉሯ ጎፈሬ ነበር፤ ካኪው ኮፍያ ሥር አልገባ ብሎ ሲያስቸግረን ነበር። አጥፊያት።

እኔ፦ ጋሼ...

ጋሼ፦ አጥፊያት አልኩሽ እኮ። እኔ የቆረጥኩት ፎቶ፣ ያየው ሁሉ «እዚህ የነበረችው ማናት?» ይላል። አንቺም ይኸው ጠየቅሽ። ይቺን ያየ ምን ይጠይቃል?

እኔ፦ ትናንት ለወንድሜ ልኬለታለሁ።

ጋሼ፦ ምን አለ?

እኔ፦ «የእማዬ ጓደኛ እንዴት ደስ ትላለች» አለ። ለልጆቹም አሳይቷቸዋል።

ጋሼ፦ አሁን ሰዓቱ እዚያ ስንት ነው?

እኔ፦ ጠዋት ነው፣ ተነስቷል።

ጋሼ፦ ቆይተሽ ትደውዪለታለሽ። እኔ አነጋግረዋለሁ፤ ምላጩንም እኔው እነግረዋለሁ። አሁን ፎቶውን ገልብጪው። ስሞቹን አንብቢልኝ።

እኔ፦ ሁለት ነው ያለው፤ የእማዬና የሌላ። ከነሱ በፊት የተፋቀ ነገር አለ።

ጋሼ፦ እሱንም የፋቅኩት እኔ ነኝ። ፊት ቆርጬ ስም ልተው? ስሟን አልረሳሁትም። ጻፊው።

(ስሟን ነገሩኝ። እዚህ የማላሰፍረው ወንድሞቿ በሕይወት ስላሉና ገና ስላልጠየቅኋቸው ነው።)

እኔ፦ እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ጋሼ፦ በእስክሪብቶ አይሆንም። ስትጫኚው ወደ ፊት ያብጣል፣ ከጊዜ በኋላም ቀለሙ ይሰርጋል። ያ መሳቢያ ውስጥ እርሳስ አለልሽ። እሱን አይደለም፣ ያኛውን፣ ለስላሳውን። ፎቶውን መስተዋቱ ላይ በደረቱ አስተኚው።

እኔ፦ የት ላይ ልጻፈው? ከታች ልጨምረው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ላይ ነበር የነበረው። እዚያው የተፋቀው ላይ ጻፊው። ሳትጫኚ፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ስስ ነው።